ወደ ሙስካት የምመጣበት ምክንያት

ውድ ራፊድ፣

የላክህልኝ የሥራ ውል ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልስ በማዘግየቴ እንደተቀየምከኝ ከድምፅህ ገብቶኛል። «ወንድሜ፣ የሙስካት ሆስፒታል አንተን ብቻ ሲጠብቅ አይኖርም» አልከኝ መጨረሻ ስንደዋወል። እውነትህን ነው። ግን በስልክ ልነግርህ የማልችለው ነገር አለ፤ ገና ስጀምረው አፌ ይተሳሰራል። ከተማው ሁሉ «ሙንዚር ፈርቶ ሊሄድ ነው» ይላል፤ አንተም እንደዚያ ሳታስብ አትቀርም። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ። አንብበህ ስትጨርስ አሁንም ና የምትለኝ ከሆነ እመጣለሁ።

አንተ የበሽተኛ ዘመዶች ክንድህን ሰብረውህ ከሄድክ ወዲህ እዚህ የቀረሁት ቀዶ ሐኪም እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም። በአንተ ቦታ ብሆን በማግስቱ ነበር የምሄደው።

አቂልን ያመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። የሐጂ ሚዛል የመጨረሻ ልጅ ነው። በመስኖ ውሃ ከጎረቤት ጎሳ ጋር ተጣልተው ደረቱን በጥይት ተመትቷል። ፒካፕ ላይ ጭነውት፣ ወደ ሰማይ እየተኮሱ መንገድ እያስለቀቁ ገቡ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጃሲብ በረኛውን በጥፊ ጥሎ፣ እኛን ተከትሎ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ድረስ ዘለቀ።

«ውጣልኝ፣ እዚህ አይገባም» አልኩት።

ሽጉጡን አወጣና ማጅራቴ ላይ ደገነው። «እሱ ከሞተ አንተም ትሞታለህ። ሥራህን ሥራ።»

ሲስተር ሰብሪያን ታውቃታለህ፤ እንኳን ለሽጉጥ ለሚኒስትርም አትመለስ። «አንተ ልጅ፣ የሐኪሙ እጅ ከተንቀጠቀጠ ወንድምህን የገደልከው አንተ ነህ! ያንን ብረትህን ወደ ግድግዳ አዙርልኝ» ብላ ጮኸችበት። አላዞረም።

ደረቱን ከመክፈቴ በፊት እንደማይተርፍ አውቄ ነበር። ጥይቱ ከልቡ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ቀዶታል። ደሙ ከጠረጴዛው እየፈሰሰ ጫማዬን ሞላው። ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ እጄን አስገብቼ ልቡን ጨበጥኩና አሸሁት። እዚያው መዳፌ ውስጥ ቆመ።

«ምን ቆመሃል? አስተንፍሰው እንጂ!»

«አርፏል፣ ጃሲብ። ሲመጣም አልቆለት ነበር።»

በሽጉጡ ሰደፍ ጆሮዬን ብሎ ጣለኝ። ከዚያ የአጎቱ ልጆች በሩን ገንጥለው ገቡ። ጎድኔ ሲሰበር ራሴ ሰማሁት። ሰብሪያ በላዬ ላይ ተጋደመች፤ በፀጉሯ ጎትተው ወረወሯት። መብራቱን፣ የመተንፈሻ ማሽኑን፣ የእጅ መታጠቢያውን ሳይቀር ሰባበሩ። ከሁሉ የማልረሳው ምን መሰለህ? የሚረግጡኝ በገዛ ወንድማቸው ደም እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁና እየተነሡ ነበር።

በማግስቱ የቤታችን አጥር ላይ በቀይ ቀለም «የዚህ ቤት ጌታ ደም አለበት» ተብሎ ተጻፈ። አንተ ደውለህ «ና» ያልከኝ ያን ቀን ነው። እናቴም «ሂድ ልጄ፤ ሬሳህን ከማይ ድምፅህን በስልክ ብሰማ ይሻለኛል» አለችኝ። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳወጣ አጎቴ ሻቲ የጎሳችንን ወንዶች እስከ ትጥቃቸው አስከትሎ ደረሰ።

«ወዴት ነው? ከወጣህ እኮ ደሙን አመንክ ማለት ነው። እናትህስ? እህቶችህስ?»

«አጎቴ፣ እኔ ሐኪም ነኝ። ጦርነት አልፈልግም።»

«አንተ አትፈልገውም፤ እሱ ግን ይፈልግሃል» አለና ሻንጣዬን በእግሩ ገፍቶ ወደነበረበት መለሰው።

አርብ ከጸሎት መልስ እነ ጃሲብ መጡ። የግቢያችንን በር እንደ ወንፊት በሳሱት። እኔና እናቴ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተኝተን፣ እሷ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ሸፍና፣ የጓዳው ሸክላ ሁሉ በላያችን ተራገፈ። የአጎቴ ልጅ ኑማስ ከጣሪያ ላይ ተኩሶ ጃሲብን ሆዱን መታው። የእሱ ሰዎች ጎትተው መኪና ውስጥ ከተቱትና ሸሹ።

ወዴት ይሸሻሉ? ያለው አንድ ሆስፒታል ነው። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ሰብሪያ ነበረች፤ «አምጥተውታል። እስከ ባስራ አይደርስም» ብላ ዘጋችው።

አጎቴ በሩ ላይ ቆመ። «አብደሃል? ገዳይህን ልትሰፋ ነው?»

«ሌላ የሚሰፋ ሰው አለ?»

ረገመኝ፤ ግን መንገድ ለቀቀልኝ።

ራፊድ፣ የምልህን ለማንም አልተናገርኩም። ጎድኔ በፋሻ እንደታሰረ የጃሲብን ሆድ ከፈትኩ። አንጀቱ ተበጣጥሷል፤ ከበስተኋላው የደም ሥር ተቀዷል። ፈልጌ አገኘሁትና በሁለት ጣቴ ቆነጠጥኩት። ደሙ ቆመ። እዚያ ላይ እኔም ቆምኩ። ጣቶቼን ትንሽ ባላላ ይሞታል፤ ማንም አያውቅም፤ «ሲመጣም አልቆለት ነበር» ብል ያምኑኛል። ሐሳቡ አላስደነገጠኝም። ጣፈጠኝ። እንደ ቀዝቃዛ ውሃ በጉሮሮዬ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

«ዶክተር፣ መስፊያው ዝግጁ ነው» አለች ሰብሪያ።

እጄን አልዘረጋሁም።

«ሙንዚር!»

ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ በስሜ ብቻ ጠርታኝ አታውቅም። ቀና ብዬ ዓይኗን አየሁ። ገብቷታል። መስፊያውን ተቀብዬ ሰፋሁት፤ ጃሲብም ዳነ።

ከዚያ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ደም በደም ታጠበ ተባለ። የሐጂ ሚዛል ወገን ልጆች ራሳቸው መጥተው አጥራችንን ኖራ ቀቡት። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ ልቀር አስቤ ነበር። ውልህን ልመልስልህ ተነሥቼ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሐጂ ሚዛል ሽማግሌዎች ይዘው ቤታችን መጡ። ጃሲብም ሆዱን በእጁ ደግፎ አብሯቸው ነበር። ሻይ ቀረበላቸው፤ ማንም አልነካውም። የመጡበት ካልተፈጸመ እንደማይጠጡ ገባኝ።

«ሙስካት ልትሄድ ነው አሉን» አሉ ሐጂ።

«ገና አልወሰንኩም።»

«እንግዲያው እኛ እንለምንህ፣ ቅርልን። የጃሲብ ሚስት እርጉዝ ናት። የመጀመሪያውን በቀዶ ያወጣህላት አንተ ነህ። አሁን ማን ሊያወጣላት ነው?»

«ስትረግጡኝ ይህ አልታያችሁም?»

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አጎቴ ሻቲ በዓይኑ ገላመጠኝ።

«መታንህ፤ አንክድም» አሉ ሐጂ ሚዛል። «ልጄ ሞቶብኝ ዓይኔ አያይም ነበር።» ከዚያ ተነሡ። በትራቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ፤ የራስ መሸፈኛቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ሽበታቸው ሳስቷል። «በል ምታ፣ ልጄ። ልብህ ይብረድና ቅርልን።»

ወጉን አንተም ታውቀዋለህ። ተነሥቼ በትሩን መሬት ላይ ማኖር፣ ራሳቸውን መሳም፣ «ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ» ማለት ነበረብኝ። አጎቴ ፈገግታውን ጀምሮ ነበር።

ተነሣሁ። መታኋቸው።

ለይምሰል አይደለም፤ ባለ በሌለ ኃይሌ። የትከሻቸው አጥንት ሲሰበር ድምፁን ለየሁት፤ ሙያዬ ነው። ሽማግሌው በጉልበታቸው ወደቁ። ጃሲብ ሊነሣ ሞክሮ ቁስሉ መለሰው። ሌላው ሁሉ እጁን ወገቡ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ልኮ ደርቆ ቀረ። ሐጂ ሚዛል ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው «ማንም እንዳይነካው!» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ካልበቃህ ጨምር። ግን ትቀራለህ።»

በትሩን እንደገና አነሣሁ፣ ራፊድ። ልጨምር። በዚህ ጊዜ ጭንቅላታቸውን ነበር ያየሁት።

እናቴ ከውስጥ ወጥታ በወንዶቹ መካከል አልፋ በትሩን ከጫፉ ያዘችው። «ሽማግሌ ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ደግሞ ቤታችን ነው።» እጄ ያኔ ለቀቀ። ከዚያ ምን አደረግሁ? ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥዬ አሰርኩላቸው። እሳቸውም በደህናው እጃቸው የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥተው ጭልጥ አደረጉት። ተስማማሁ ማለት መስሏቸው ነው።

አልተስማማሁም። እነሱን ፈርቼ ግን አይደለም። ከመርገጣቸው ተርፌያለሁ፤ ነገም እተርፍ ይሆናል። እጄ ግን ሁለተኛውን ምት ፈለገው፤ የጃሲብን ደም ሥር ሊለቅ የፈለገውም ይኸው እጅ ነው። እዚህ ብቀር የሚገርፉኝና በትር የሚያቀብሉኝ ሰዎች አይጠፉም፤ አንድ ቀን ደግሞ ሰብሪያም እናቴም በአጠገቤ አይኖሩም። ለሰብሪያ ይህንኑ ስነግራት አልቅሳ «ሂድ» አለችኝ፤ ጓንቷን አውልቃ ጥላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ለአለቃህ አንድ ሽማግሌ ቤቴ ውስጥ መትቼ አጥንታቸውን እንደሰበርኩ ንገረው። ከእኔ ቀድሞ ከአንተ ይስማ። ይህን ሰምቶም ከተቀበለኝ፣ ለጊዜው አንተ ሥር ረዳት አድርጎ ያሠራኝ። ካልተቀበለኝ አልቀየምም።

የባስራው በረራ ሐሙስ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰኝ ማን እንደሆነ ብነግርህ አታምንም፤ ጃሲብ ነው። ትናንት መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «መኪና አለኝ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከኋላ ሚስቱ ከእናቴ ጋር ትቀመጣለች። ቀኗ ደርሷል፤ እዚህ በቀዶ የሚያዋልዳት ሰው ስለማይኖር ባስራ ዘመድ ቤት ሆና ልትጠብቅ ነው። ዕቃ መያዣዬ ውስጥ መቀስና ክር ጨምሬያለሁ። መንገድ ላይ ምጡ ከያዛት አውሮፕላኑ ያመልጠኛል፤ ያኔ አትቀየመኝ፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ።

ወንድምህ ሙንዚር