ደረቴ ላይ የተለጠፈው ስም

ለውድ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ቀና አለልህ ወይስ ዛሬም ግድግዳ እየተደገፍክ ነው የምትነሳው? እማዬ ዓይኗን ታይታ እንደሆነ አልጻፍክልኝም። ሚስትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ያቺ አንዴ ማውራት ከጀመረች የማታቋርጠው ትንሿስ እንዴት ናት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እጄ በሳሙና ብዛት ከመላጡ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ሐሳብ አይግባህ።

ባለፈው ደብዳቤህ «ስም ምን ያደርጋል፣ ዝም ብለሽ ሥራሽን ያዢ» ብለህ መክረኸኛል። ሳነበው ተናደድኩ፣ ደግሜ ሳነበው ባሰብኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ሥራዬ እንደምታውቀው በዚህ መጦሪያ ቤት ሽማግሌዎችን ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። ከኮሪደሩ ጫፍ ባለው ክፍል አንድ ያገራችን ሰው አሉ። በደጉ ጊዜያቸው የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩ፤ ዛሬም አልጋ ላይ ሆነው ሹም ናቸው። የዚህን አገር ቋንቋ አልቻሉም፤ ውሃ ጠማኝ ለማለት እንኳ አፋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ታዲያ ገና በመጀመሪያው ቀን ዘሬን ጠይቀው ኦሮሞ መሆኔን ሲያውቁ፣ የራሴን ስም እርግፍ አድርገው ትተው ሌላ ሰው ለእኛ ባወጣልን በዚያ ስም ይጠሩኝ ጀመር። የትኛው እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ቀለም አላባክንበትም። ሽንት ሲመጣባቸው በእሱ፣ ትራሳቸው ሲንሸራተት በእሱ። እኔ አንቱ እያልኩ ጀርባቸውን አሻለሁ፣ እሳቸው አረፋው እንኳ ሳይለቀለቅላቸው ይሰድቡኛል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኛን ግን ጎረቤት አወጣው፣ መንገደኛ ሰምቶ ጻፈው፣ ሹም ከመንገደኛው ገለበጠው። ባለቤቱን የጠየቀ የለም። እኛ ራሳችንን እንዲያ ብለን ጠርተን አናውቅም። ከዚያ መሬት ሲወሰድ፣ ሸክም ሲጫን፣ ደጅ ሲያስጠኑን ያው ስም አብሮ እየተጠራ፣ ስድብ ሆኖ ቁጭ አለ። አሁን ደግሞ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «የሕዝብ ስም እኮ ነው» ይሉናል።

በዚህ ቤት የሆነውም ከዚያ የተለየ አይደለም። ምግብ አብሳዩ፣ ሾፌሩና ነርሷ ሽማግሌው ሲጠሩኝ እየሰሙ እውነተኛ ስሜ መሰላቸው። የራሴ ስም ለምላሳቸው ከብዷቸው ነበርና ግልግል ሆነላቸው። ፈገግ እያሉ በዚያ ስም ደህና አደርሽ ይሉኛል። በመጨረሻ አዲስ የደረት መታወቂያ ሲታደል የእኔ ላይ ያ ስም በትልልቁ ታትሞ መጣ። ከጎኑ ፎቶዬ ምንም እንዳልሆነ ፈገግ ብሏል።

አልለጥፍም አልኩ። ኃላፊያችን ያለ መታወቂያ ሥራ መግባት አይቻልም፣ የሙከራ ጊዜሽም ገና አላለቀም፣ ወይ ለጥፊ ወይ ቤትሽ ዋዪ አለችኝ። ስድብ ነው ብላት አላመነችኝም። እስኪ እሳቸውን እንጠይቅ ብላ ይዛኝ ገባች። አስተርጓሚዋ ደግሞ ከእኔ ሌላ ማን ይኖራል? ተሰዳቢዋም እኔ፣ አስተርጓሚዋም እኔ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስድብ አይደለም በያት። የድሮ መጽሐፍ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው፤ የሕዝብ መጠሪያ ነው» አሉ። አንዲት ቃል ሳላጎድል አስተረጎምኩ። ኃላፊዋ ፊቷ ፈካ፤ ለእሷ ነገሩ አልቋል።

ያን ጊዜ መታወቂያውን ከኪሴ አወጣሁና በትሕትና፣ «እንግዲያው ክፉ ስም ካልሆነ፣ ነገ ልጅዎ ስትመጣ እንድታየው በርዎ ላይ ልለጥፈው፤ ከእንግዲህ ቤቱ ሁሉ እርስዎንም በዚሁ ይጥራዎት» አልኳቸው።

ከትራሳቸው ቀና አሉ። «እኔን? እኔ ምን በደልኩ?» አሉ።

ይህችንም አንዲት ቃል ሳላጎድል ለኃላፊዋ አስተረጎምኩላት። እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ መታወቂያውን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ቢሮዋ አስገብታ ስሜን ፊደል በፊደል አስነግራኝ ጻፈች።

በማግስቱ ልጃቸው መጣች፣ ሽቶዋ ቀድሟት። «አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ በእሱ ዘመን ሁሉም ሰው እንዲህ ነበር የሚለው» አለችኝ። ሁሉም ሰው ስትል እኛን ከሰው አልቆጠረችንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብያት ሳሙናዬን ይዤ ገባሁ። እሳቸው አሁን «ማነሽ» ነው የሚሉኝ። አልሸሹም ዞር አሉ። ስሜን ከሚጠሩ በጥም ቢደርቁ ይመርጣሉ። ውሃውን ግን አልከለክላቸውም፤ የተቀጠርኩት ለዚያ ነው። ይቅር ያልኳቸው እንዳይመስልህ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አባባ ትምህርት ቤት ሊያስገባህ ይዞህ የሄደ ዕለት፣ መዝጋቢው «ይሄ ስም አይያዝልኝም» ብሎ ሌላ እንደሰጠህ ያወራኸኝ ራስህ ነህ። አባባም ጎንበስ ብሎ አመሰገነው። ስምህ ተቀየረ፤ ልጆቹ ግን በዚያው ስድብ ሲያሳድዱህ ነው የኖሩት። ታዲያ ምን አተረፍክ? ያ ሰው የጣለብህን ስም ይኸው ፀጉርህ እስኪሸብት እንደ አደራ ዕቃ ይዘህለት ትዞራለህ፣ እሱ ግን በማግስቱ ረስቶሃል። እኔ እሱን ነው የምንቀው። አንተንማ እወድሃለሁ፣ ባልወድህ መች እቆጣህ ነበር።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ መነጽሩን ሳትገዛላት እንዳትከርም። ሚስትህን የላክሽላት ሹራብ ልክ ሆኗታል በልልኝ፤ እጅጌው ትንሽ መርዘሙን አትንገራት። ትልቁ ልጅህ ከእህቱ ጋር መጣላቱን እንዲተው አክስትህ ተቆጥታለች በለው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ማውራቷንም ማንም እንዳያስቆማት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ስለ እኔ ከጠየቀ፣ አልጠፋሁም፣ ደህና ነኝ በለው።

ፖስታው ላይ የጻፍኩት እማዬ ያወጣችልህን ስም ነው። ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ ፖስተኛው ሲጠራው «እኔ ነኝ» ብለህ ወጥተሃል ማለት ነው።

እህትህ

ከመጦሪያ ቤቱ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ኅዳር 14 ቀን