ያልተጠራው አርኤንኤ

ሰኞ

አሁንም አለች። ያቺ መስመር አርኤንኤን በመጠኑ ለይቶ በሚያሳየው ጄል ላይ ቁጭ ብላለች። መኖር አልነበረባትም።

የማጠናው የተክል ቫይረስ ፕሮቲን ሕዋስ ውስጥ ካለው የአርኤንኤ መዓት የራሱን ቫይረስ አርኤንኤ በአተጣጠፉ ለይቶ ይይዛል፤ ከዚያ ዙሪያውን ተገጣጥሞ እንደ ቅርፊት ይዘጋበታል። አዲስ ቫይረስ የሚሠራው እንዲህ ነው። ይህንን በቱቦ ውስጥ አሳያለሁ ብዬ ስንት ለፋሁ። ውጭ የቀረውን አርኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም እጨምራለሁ፤ ቅርፊቱ ውስጥ የገባው ብቻ ይተርፋል። ለማነጻጸሪያ ከቫይረሱ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው አርኤንኤ ሰጠሁት። እሱንም አስገባው! ካልለየ ታዲያ የእኔ መመረቂያ ጽሑፍ ምን ሊል ነው? የማቀርበው ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ነው።

ለቡ ያለው ቤታችን ስደርስ እህቴ አስቴር ለምርቃቴ ድግስ በስልክ ሰው ትጠራለች። ራት ሳልበላ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ደግሜ ሠራሁ። አዲስ ጓንት፣ አዲስ ውሃ፣ አዲስ ቱቦ። ያው ናት።

የላብ ጓደኛዬ ቢንያም አየኝና «ስሚ፣ እሷን ሙከራ ማን አየብሽ? ተያት። የራሱን አስገብቷል አይደል? እሱን አሳይተሽ ተመረቂ በቃ» አለኝ። ክፋት የለውም፤ አዝኖልኝ ነው። ያስፈራኝ ምክሩ መጣፈጡ ነው። ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜም እሱኑ እያላመጥኩ ነበር።

ረቡዕ

መብራት የለም። ጀነሬተሩ ለፍሪጆቹ ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ ሳነብ ጨው ላይ ደረስኩ። ፕሮቲኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ አርኤንኤ ኔጋቲቭ፤ ይሳሳባሉ። ጨው ሲያንስ ፕሮቲኑ ባገኘው ላይ ሁሉ ይለጠፋል። የእኔ ድብልቅ ጨው ያንሰዋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ! ወይ ጣጣ።

አስቴር ደውላ ከዩኒቨርሲቲ ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ጮህኩባት። ምን አጠፋች? ምንም።

ሐሙስ

ጨው ጨመርኩ። የባዕዱ አርኤንኤ መስመር ደበዘዘች፤ የቫይረሱ ደምቃ ቀረች። ይለያል! ለብቻዬ አጨበጨብኩ።

ደስታው ግን ሻይ እስክጠጣ አልቆየም። ጽሑፌ ውስጥ ያለው ውጤት ሁሉ የተሠራው በድሮው ጨው ነው። ሁሉም ሊደገም ነው፤ ለዚህ ዙር ምርቃት አይደርስም። ወይም ደግሞ ዝም ማለት አለ። ደክሞኛል። ዝም ማለት እንዴት ይቀላል።

ዓርብ

አማካሪዬ ፊት የድሮውንና የአዲሱን ጄል ሥዕል አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ሥዕሎቹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ይህን ማነጻጸሪያ ሥሪ ያለሽ ማነው?»

«ማንም።»

«እንግዲህ በዚህ ዙር አትመረቂም።»

«አውቃለሁ» አልኩ። አልተቆጡም። እኔ ግን እያለቀስኩ ወጣሁ።

ማታ ለአስቴር ሁሉንም ነገርኳት፣ የቢንያምንም ምክር ጭምር። ተነስታ መኝታ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ላይ ናት። ለጠራቻቸው ሰዎች እየደወለች ድግሱ መቅረቱን ትናገራለች። አፍሬ በሩ ጋ ቆምኩ። «ወደቀች» ስትል ልሰማ ነው ብዬ።

«ኧረ አልወደቀችም!» ትላለች። «ሥራዋ ላይ ስሕተት አገኘች። ራሷ አገኘችው፣ ራሷ ሄዳ ተናገረች። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ደብቆ ይመረቅ ነበር!»

ስልኩን ዘግታ ለሚቀጥለው ደወለች። ያንኑ ደገመች፤ አሁንስ ጎረቤት ይስማ ያለች ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ተመልሼ ተኛሁ። እስከ ቀትር ማንም አልቀሰቀሰኝም።