የእናቴ ቤት ፍለጋ

ሰኞ

እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ። እትዬ ዘይነባ ይህን ያሉኝ በር ላይ ቆመው ነው፤ ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። ዘጠኝ ዓመት በግቢያቸው ስከራይ ቆመው አነጋግረውኝ አያውቁም። "ልጄ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ? ለባንክ ሠራተኛ ሊያከራየው ነው" አሉ። ወይ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ወደ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ከፍ ማድረግ፣ ወይ መልቀቅ። በመምህር ደመወዝ ያን ከፍዬ ምን ልንበላ?

ብሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የእናቴ ዓይን ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ግቢ ግን ውሃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታሰጣለች፣ ሽንት ቤት ብቻዋን ደርሳ ትመጣለች። ሌላ ቦታ ብወስዳትስ? ትምህርት ቤት ውዬ እስክመጣ አልጋ ላይ ተቀምጣ ልትጠብቀኝ ነው?

ሁሉንም ሰምታለች። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አለችኝ። ንፍሮው አረረብኝ።

ማክሰኞ

ቀበሌ ሄድኩ። "ውል አለሽ?" አለኝ ሰውየው። የለኝም፤ በቃል ነው የገባነው። "እንግዲህ ተነጋገሩ" አለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ከሰዓት ደላላው ይመር ሁለት ቤት አሳየኝ። የአንዱ በር ፊት ክዳን የሌለው ቦይ አለ። ሁለተኛው ደስ ይል ነበር፤ ሲሚንቶ ወለል፣ ቧንቧው ቅርብ። ባለቤቲቱ ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። "ዓይነ ስውር ናቸው? እሳት ቢያስነሱብኝስ?" አለች።

ለእናቴ "ቤቱ አልተመቸኝም" አልኳት።

ረቡዕ

የፈተና ወረቀት ሳርም ስንቱን ትክክል መልስ ኤክስ አድርጌበት ኖሯል። እንደገና አረምኩ።

የእትዬ ዘይነባን ልጅ ሁሴንን አነጋገርኩት። ከሳዑዲ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ልክፈል ብዬ ለመንኩት። እጄን ይዞ ወደ ዋናው ቤት አስገባኝና ጣሪያውን አሳየኝ። ቆርቆሮው ተበሳስቷል፣ ከአልጋቸው አጠገብ ባልዲ ተደቅኗል። "ቲቸር፣ ወላሂ በአንቺ ላይ ክፋት የለኝም። ኪራዩ ለዚህ ነው፤ እናቴ ሌላ ክረምት እንዲህ አትከርምም" አለኝ።

ልጠላው ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም። ይኸው ራሱ አናደደኝ።

ሐሙስ

ደጎሎ ከተማ ያለው ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እናታችንን ለጊዜው ይወስዳት እንደሆነ ጠየቅሁት። "ላኪያት… እስቲ ሚስቴን ላማክራት" አለ። አማክሮ አልደወለም።

ለእናቴ ነገርኳት። እሷም፦ "ለሁለት ስትመክሩብኝ፣ አንድ ሰው እኔን ጠየቀኝ?"

ምሳ አልበላችም። እኔም።

ዓርብ

ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ተዘግቷል፣ እናቴ የለችም። ሽንት ቤት የለችም። ዋናው ቤት ሰው የለም። መንገድ ለመንገድ ሮጥኩ፤ ቀሚሴ ሽቦ ይዞት ተቀደደ። ባጃጅ ሲያልፍ ቆሜ ዘወር እላለሁ።

ያገኘኋት ከመስጂዱ ጀርባ ነው። ለሰፈር ልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ አንድ ሼህ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ውሃ ትጠጣለች። አጠገቧ እትዬ ዘይነባ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። ከጠዋት ጀምሮ እጇን ይዘው ከቤት ቤት ሲያዞሯት ውለዋል! አምስት ቤት ጠይቀዋል። አራቱ እንቢ ብለዋል።

"አንዷ ሴትዮ ፊቴ ላይ 'እኔ ዓይነ ስውር አላከራይም' አለችኝ" አለች እናቴ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ። እኔ የደበቅሁባትን ሁሉ በጆሮዋ ሰምታ መጥታለች። አፈርኩ።

አምስተኛው የሼሁ ነው፤ ሁለት ሺህ። ሼሁ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቋት፦ "ልጆቹ ቁርዓን ሲቀሩ ይጮሃሉ፤ ይችሉታል?"

"ድምፅ ካለማ የት እንዳለሁ አውቃለሁ" ብላቸዋለች።

ቅዳሜ

ቤቱን በደንብ አየሁት። ጠባብ ነው። ወለሉ አፈር። መብራት ከሼሁ ቤት በገመድ የተሳበ። ቧንቧው ግን ግቢ ውስጥ ነው፣ ቦይም የለም።

በጋሪ ተጓጓዝን። አልጋው በበሩ አልገባ ብሎ ሁሴን እግሮቹን ፈታታቸው። ሳጥኑንም የተሸከመው እሱ ነው። አመሰግናለሁ አልኩት፤ መሬት መሬት አየ። እትዬ ዘይነባ ሊሸኙን አልወጡም። እናቴ ተመልሳ በራቸውን አንኳኳች። ገብታ ቆየች። ስትወጣ ሁለቱም አልቅሰዋል።

እስከ መቼ እንደምንቆይ ሼሁን አልጠየቅሁም። ፈራሁ።

እሑድ

እናቴ ጠዋት በራችን ፊት ያለው ደረጃ ላይ ወድቃ ቅልጥሟ ተላጠ። ላነሳት ስሮጥ "ተይኝ! ዛሬ ካልወደቅሁ መቼ ልለምደው ነው?" ብላ ጮኸችብኝ። ቁስሏን አጠብኩላት።

አሁን ከሰዓት ነው። ወጥታለች፣ ብቻዋን። ከግቢው ድምፅዋ ይሰማኛል፤ የሼሁን ሚስት "ይሄኛው የማን በር ነው?" እያለች ትጠይቃለች። "የበጎቹ ነው እትዬ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይበሉ" ይሏታል። ይሳሳቃሉ።

ብድግ አልኩ። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ሳቁ ቆሟል። ገና አልተመለሰችም። አልወጣም፤ እዚሁ ሆኜ እጠብቃታለሁ።