ሪባን እየጠበቀ ስለተቆለፈው የንባብ ክፍላችን

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወንበር የተደላደለ እንዲሆን፣ የከተማችን ሙቀትና አቧራም በርዎን ሳይደፍሩ እንዲያልፉ ከልብ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ መጻፌን ይወቁልኝ። አናጺ ማስረሻ እባላለሁ። እስከ አምና በአውራ ጣቴ እፈርም ነበር፤ በማታው የጎልማሶች ትምህርት ስምንት ወር ተቀምጬ ግን ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ ነው የሚል ወሬ ከደረሰዎ፣ ያስወሩት የመቂን ሽንኩርት ገበያ ላይ የሚቸረችሩት የክፍል ጓደኛዬ፣ እናታችን አዴ ሶረቲ ናቸውና አይመኗቸው።

እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው ሚያዝያ እኛ ተማሪዎችና አስተማሪያችን ሀዊ በበጎ ፈቃድ ተሰባስበን፣ የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ የነበረውን የጓሮ ክፍል አጸዳን፤ የክፍል ጓደኛችን ኑሬ ቀለም ቀባ፤ እኔ ስድስት መደርደሪያና አንድ በር ሠራሁ። ከሥራ መልስ የሚያነቡ ጎልማሶች ክፍል እንዲሆን ነበር። እርስዎም መጥተው አዩና፣ ይህማ ክቡር እንግዳ ተጋብዞ ካልተመረቀ ነውር ነው ብለው፣ በሩ ላይ ሪባን አሳስረው ቆለፉት። ይኸው ጥቅምት ገባ። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፦

1. ስለ ሪባኑ አመሰግናለሁ። ቀይ ነበር፤ አሁን በፀሐይ ብዛት የሽንኩርት ልጣጭ መስሏል። ክቡር እንግዳው አንድ ጊዜ ስብሰባ፣ አንድ ጊዜ ወርክሾፕ፣ አንድ ጊዜም ወለንጪቲ ሌላ ሪባን ሊቆርጡ ሄደው ስለቀሩ አልቀየምም። በከተማው መቀስ የሚይዝ ሰው ከጠፋ ግን የኑሬ ወንድም ፀጉር አስተካካይ ነው።

2. ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ ስላሉን እጥፍ አመሰግናለሁ። በዕድሜያችን ደብዳቤ ጽፈን የማናውቅ ሠላሳ አንድ ሰዎች፣ አንዳንዱ ሦስት ቀን እያላበው፣ ሠላሳ አንድ ደብዳቤ አቀረብን። ማህተም የለውም ተብሎ ሁሉም ተመለሰ። አዴ ሶረቲ ይህን ሲሰሙ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ደብዳቤያቸው ግርጌ ላይ ተጫኑበትና፣ “እስከ ዛሬ መንግሥት የተቀበለኝ ማህተም ይኸው!” ብለው መልሰው ላኩት። መልሱን እየጠበቁ ነው።

3. በሩ ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያ ደግሞ ውለታዎን አልረሳም። የሀዊ ጣት ሳይመራኝ፣ ሳልንተባተብ፣ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር “ሳይፈቀድ መግባት ክልክል ነው” የሚለው ነው። ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። በትክክል ማንበቤን ያረጋገጡልኝ ዘበኛው ናቸው፤ ክንዴን ይዘው መለሱኝ።

እስከዚህ የቀለድኩት እርስዎን ለማዝናናት ነው። ቁም ነገሩ የሚከተለው ነው። መጻሕፍቱን በደረደርንበት ቀን አዴ ሶረቲ የቀለም ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና፣ የጠፋች ጥጃ ፍለጋ ስለወጣች ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ጀመሩ። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ መሸ፤ ነገ እጨርሰዋለሁ ብለው ከመጥረጊያ አንድ ጭራሮ መዘው ምልክት አደረጉበት። በማግስቱ በሩ ተቆለፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያገኙትን ሁሉ ጥጃዋ ተገኘች ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። እኔም ልገላገል ብዬ ተገኝታለች ብላቸው፣ “አንተ ቀጣፊ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ?” ብለው በገበያተኛ ፊት አዋረዱኝ። ክቡር ሆይ፣ የግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም ሪባን እስኪቆረጥ የሚጠብቅ አይመስልም።

ስለዚህ የምንለምነው ቁልፉን ብቻ ነው። ሪባኑን አንነካም፤ ከሥሩ ጎንበስ ብለን እንገባለን። ጎንበስ ማለት ለምደናል።

በውኃ ልክ የተለካ፣ ወዲያም ወዲህም የማያዘነብል አክብሮቴ ይድረስዎ።

ከክፍሉ አንደኛ፣
አናጺ ማስረሻ ወልደአማኑኤል
(አሻራ ሳይሆን ፊርማ)

ማሳሰቢያ፦ የገዙት ቁልፍ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ እንኳን ደስ ያለዎ። እኔ ግን አንድ ጥፋት መናዘዝ አለብኝ፤ በሩን ስገጥም ተቻኩዬ ማጠፊያዎቹን በስህተት በውጭ በኩል መታኋቸው። ኑሬ ያኔ ስቆብኝ ነበር፤ አሁን አይስቅም። የሠራውን ሳያርም የሚተኛ አናጺ አይደለሁምና፣ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ካቻቢቴዬን ይዤ መጥቼ በሩን ነቅዬ አስተካክላለሁ። ሪባኑ የታሰረው መቃኑ ላይ ስለሆነ ጭረት አይነካውም። ጥገናው የሚፈጀው ከአሥራ አራተኛው ገጽ እስከ መጨረሻው ያለውን ያህል ነው፤ አዴ ሶረቲ ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት።