ልጄ ኤደን በሐሰት አልመሰከረችም

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም።

እኔ ትርንጎ ሀብተማርያም፣ የገሳይ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ በአራት ጎረቤቶቼ ፊት ይህን የኑዛዜ ቃሌን ለመሪጌታ ሚልኪያስ አስጽፌአለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ሊያስገድደኝ የሞከረ ግን አለ፤ እርሱንም እናገራለሁ።

በመንገዱ ዳር ያለው ቤቴ ከነግቢው ለልጄ ለኤደን ፋንታው ይሁን። ግድግዳው የእኔና የሟች ባለቤቴ ቢሆንም ቆርቆሮው የተመታው ኤደን ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ነው። ማንም እንዳያስወጣት።

በጉና ግርጌ ያለው የገብስ ማሳዬና ሁለቱ በሬዎቼ ለልጄ ለደምመላሽ ፋንታው ይሁኑ። ብዙ ሰው ከውርስ እንድነቅለው መክሮኛል። አልነቅለውም። የተፈረደበትን አምስት ዓመት ታስሮ ወጥቷል፤ እኔ ሌላ ፍርድ የምጨምር ዳኛ አይደለሁም። ሲሾም ያለበሰኝ ጋቢም ለእርሱው ይመለስ። ያን ቀን በሰው ፊት ትከሻዬ ላይ ሲጥለው ኮርቼበት ነበር።

ደምመላሽ ከተፈታ ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራል። በምርጫ ተወዳድሮ ወደ ሥልጣን መመለስ ይሻል። ስለዚህም «እማዬ፣ ኤደን በሐሰት መሰከረችበት ብለው በኑዛዜዎ ያጽፉልኝ፤ የእናት የመጨረሻ ቃል ይታመናል» እያለ ሲለምነኝ ሰነበተ። ትናንት ልመናው ዛቻ ሆነ። «ካላጻፉ ኤደን በዚህ ቤት አታድርም» አለኝ።

ይህን በማስጻፍ ላይ ሳለሁ ደምመላሽ ገባ። ንግግራችን እንዳለ ይጻፍ ብያለሁ።

«ያችን ቃል አጻፉ?» አለኝ።

«አሁን ላስጽፍ ነው። ተቀምጠህ ስማ።»

«መሪጌታ፣ እናቴ ታመዋል፤ የሚሉትን አያውቁም። ወረቀቱን ይስጡኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ጎረቤቴ ይሻው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይሻው፣ ተቀመጥ» አልሁ። «ደምመላሽ፣ ብትቀደው እንደገና አስጽፋለሁ። ትንፋሽ እስካለኝ ድረስ አስጽፋለሁ።»

እጁን መለሰ። አልተቀመጠም።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። ደምመላሽ የወረዳ ምክትል አስተዳዳሪ ሳለ የወል ግጦሽ መሬት ለሚስቱ ወንድም ሰጠ። ማሩ የሚባል ገበሬ ለበላይ አመለከተ። ደምመላሽም በሁለት ሚሊሻ አስይዞ እዚሁ ግቢዬ አመጣውና «አቤቱታህን አንሣ» አለው። «አላነሣም» አለ ማሩ። ልጄ ከአንዱ ሚሊሻ እጅ ዱላ ነጥቆ የማሩን ክንድ መታው፤ ሲወድቅም ደገመው። እኔ ከደጃፉ ሆኜ እጮኽ ነበር። ያኔ ከጅዳ ተመልሳ የነበረችው ኤደን ሮጣ ማሩ ላይ ተደፋችበት፤ ከዚያም በባጃጅ ደብረ ታቦር አድርሳ አሳከመችው። ፍርድ ቤት ቀርባ የተናገረችውም ይህንኑ ነው። በሥልጣን አላግባብ በመገልገልና በአካል ማጉደል ደምመላሽ ጥፋተኛ ተባለ፤ ሹመቱም በዚያው አበቃ።

እኔን ለምስክርነት የጠራኝ አልነበረም። ዛሬ ግን በነፍሴ እመሰክራለሁ፦ ኤደን አንዲት ቃል አልጨመረችም። የማሩ ክንድ እስከ ዛሬ እርፍ አይጨብጥም።

ደምመላሽ፣ ሬሳዬን ለምርጫ አትጠቀምበት። ማሩ ደጅ ሄደህ ቁም። ይቅር ባይልህም አትቆጣ፤ መብቱ ነው። ኤደን፣ ቤቱ ያንቺ ቢሆንም ወንድምሽ ከቀብሬ ሲመለስ በሩን አትዝጊበት።

ይህ ሁሉ ተነብቦልኛል፤ ቃሌ ነው። መሪጌታ ሲያነብ ደምመላሽ በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ምስክሮቹም እርሱን ያዩ ነበር። «ሐሰት ነው» አላለም። ይህም ይጻፍ ብያለሁ።

ተናዛዥ፦ ትርንጎ ሀብተማርያም (የጣት አሻራ)

ሲናዘዙ የሰማን፣ ሲነበብም የነበርን ምስክሮች፦
ይሻው አድማሱ (ፊርማ)
ዘነበች ካሴ (የጣት አሻራ)
ደሳለው ምሕረቴ (ፊርማ)
ውዴ ጌጤ (የጣት አሻራ)

ጸሐፊ፦ መሪጌታ ሚልኪያስ (ፊርማ)