ፍሬን በጥሳለች

ሰኞ
የሳይክሌ የፊት ፍሬን ሽቦ ሁለት ክር ብቻ ነው የቀረው። የኋላው ፍሬን ጎማም አልቋል። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ባላየው ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ሳይክሏን ትቼ በታክሲ ሄድኩ፤ ጦር ኃይሎች የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ስደርስ አርፍጃለሁ፣ አሠሪዬ ፊቷን አጠቆረች።

ማታ ወንድሜ ነስሩ ነገ አስኮ ጉዳይ አለኝ፣ ሳይክልሽን ልውሰዳት አለኝ። «ፍሬን በጥሳለች» አልኩት። ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ
ነስሩ ይዟት ወጥቷል። ቁልቁለቱ ላይ ሰው ለማውረድ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ጋር ተላተመ። ክንዱ ተሰብሯል። ጭንቅላቱን አላህ ነው ያተረፈለት፤ ሄልሜቴን ሚስማሩ ላይ ትቶት ነው የሄደው።

እማዬ «አንቺ ፍሬን መበጠስሽ ሳያንስ ወንድምሽን ልትጨርሺው?» አለችኝ። ሰፈሩ የሚለኝ እንደዚያ ነው። ሴት ልጅ ሂጃቧ ላይ ሄልሜት ደፍታ ስትነዳ ሌላ ስም የላቸውም።

ነግሬዋለሁ አልኳት። ነስሩ ጄሶውን እያየ «አልነገረችኝም» አለ።

ረቡዕ
ሳይክሏ እስከ ቅዳሜ ከቤት ትውጣ ተብሏል። ለአጎቴ ልትሰጥ ነው። በደመወዜ የገዛኋት እኔ፣ የምትሰጠው እማዬ።

አምስት ዓመት ነድቼ አንድ ቀን አልወደቅኩም። በዕድል አይደለም። የቆመ ታክሲ አጠገብ ስደርስ በሩ ቢከፈት የማይነካኝን ያህል እርቃለሁ። ስታጠፍ መጀመሪያ ወደ ኋላ አያለሁ፣ ከዚያ እጄን እዘረጋለሁ። ሲዘንብ ዜብራው ላይ ፍሬን አልይዝም፣ ያንሸራትታል። ይሄን ማን ይቆጥርልኛል? እሱ አንድ ቀን ነድቶ ተሰበረ፣ ጥፋተኛዋ እኔ።

ሐሙስ
18 ማዞሪያ ሳይክል ሠሪው ጋ ወሰድኳት። የተጣመመውን ቸርኬ አቀናልኝ። ሽቦውንና የፍሬን ጎማውን ግን ራሴ ቀየርኩ፤ ሰንሰለቱንም በናፍጣ አጥቤ ዘይት ቀባሁ። እጄ ጥቁር ሆኖ ገባሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እማዬ አይታኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ዓርብ
ከጁምዓ መልስ ነስሩ ብቻውን ነበር። ሻይ ይዤለት ገባሁ።

«ነግረሽኛል» አለ ሳልጠይቀው። «ሰው የሚልሽን እየደገምሽ የምትቀልጂ መስሎኝ ነው።»

ይሄንኑ ለእማዬ ንገራት አልኩት።

«ምን ብዬ? ማታ ማታ እኔና እሷም እንደዚያ እያልንሽ እንስቅብሻለን ብዬ?»

ሻዩን አስቀምጬለት ወጣሁ። የሰፈሩን ለምጄው ነበር። የቤቱን ሳቅ ግን አላውቅም ነበር። አሁን ተናድጄ ይሁን አዝኜ፣ መለየት አቅቶኛል።

ቅዳሜ
ጠዋት ሳይክሏን አወጣሁ። እማዬ ወዴት ነው አለች። ሥራ አልኳት። ለአጎትሽ አላልኩም? አለች። «አልሰጥም፣ እማዬ» አልኳት። እንደዚህ ብያት አላውቅም። ነስሩ በሩ ጋ ቆሞ ይሰማል።

ሌላ ጊዜ ብትቆጣም ደህና ዋዪ ትለኝ ነበር። ዛሬ አላለችም።

ይሄን የምጽፈው ስፌት ቤት ሆኜ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ። ማታ ስገባ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም። ነስሩ እውነቱን ይንገራት አይንገራት፣ እሱንም አላውቅም። ሁለተኛ ግን አልለምነውም።