ሚስተር ጉናዲ ያሳጠሩልኝ ዓረፍተ ነገር

ውድ ምባክ ራትሪ፣

ምባክ ብዬ መጀመሬ ሳይገርምሽ አይቀርም። እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ አረንጓዴው ቤት ሳለን «ሲስተር» ነበር የምልሽ። እዚያ ታላቅ እህቱን እንደ አገሩ ደንብ ምባክ ብሎ የጠራም ይቀጣ ነበር። ዛሬ ከሞትሽ አርባ አራተኛ ቀንሽ ነው። የምጽፍልሽ በጃቫኛ፣ በቋንቋችን ነው፤ በሌላ ቋንቋ የጀመርኩትን ሁለቴ ቀድጄዋለሁ።

አርባሽ አንድ ሳምንት ሲቀረው መምህራችን ሚስተር ጉናዲ ቤታችን ደወሉልኝ። ስላንቺ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ እንድጽፍ፣ በአርባሽ ቀንም በሰው ፊት እንዳነበው ጠየቁኝ። በኋላ በመስታወት አስገብተው የአረንጓዴው ቤት ሳሎን ውስጥ ከፎቶሽ ሥር ይሰቅሉታል። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ውሸት ነው አልልም። ጻፍኩና ላክሁላቸው። መጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ «እህቴ ራትሪ፣ ለአራት ቀን የታመመችው፣ ሕመሟን በቋንቋችን ለኔ ለወንድሟ የነገረችኝ፣ በቋንቋችን በመናገሯም ካርቶን አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ በቁርስ ሰዓት ሰው ፊት የቆመችው፣ ቅዳሜ ዕለት ሞተች።»

በማግስቱ ታርሞ መጣልኝ። «ራትሪ፣ በሁሉም የተወደደችው ተማሪያችን፣ ቅዳሜ ዕለት አረፈች።» ከጎኑ በቀይ «ጥሩ ጽፈሃል ዳማር፣ ግን ረዝሟል። ማሳጠር ተምረን የለም እንዴ?» የሚል አለበት።

ተምረናል። መቼ እንደተማርነው ታስታውሻለሽ? ልትሞቺ ሁለት ቀን ሲቀርሽ፣ ሐሙስ ጠዋት።

ሚስተር ጉናዲ ሰሌዳው ላይ «በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ እህቴ ናት» ብለው በእንግሊዝኛ ጻፉ። «ተመልከቱ» አሉ። «እዚህ መሃል፣ ‹ልጅ› ከሚለው ቀጥሎ ‹ሁ› አለ፣ ‹ኢዝ› አለ። ሁለቱንም አውጧቸው። ትርጉሙ ቦታው ላይ ነው። ፈተና ላይ ቃል የሚያባክን ሰው ጊዜ ያባክናል። ሲስተር ራትሪ፣ ነይ አሳያቸው።» ወጣሽ። ሁለቱን ቃላት በአንድ መስመር ሰረዝሻቸው፤ ሁሉም አጨበጨበ። በግራ እጅሽ የሰሌዳውን ጠርዝ ይዘሽ ነበር። ግንባርሽ ረጥቦ ነበር። ሚስተር ጉናዲም ቀጠሉ፦ «በሁለት ኮማ መካከል ያለው መግለጫ ደግሞ እንዳለ ቢወጣ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም።»

እውነታቸውን ነው። ያንቺ ሕመም ወጥቶ ዓረፍተ ነገሬ አልፈረሰም።

አሁን ስለ ማክሰኞው ልናገር። አንቺ የማታውቂው ነገር አለ።

እዚያ ቤት በየሳምንቱ አንድ ተማሪ «ጆሮ» ተብሎ በስውር እንደሚመረጥ ታውቂያለሽ። በጃቫኛ የተናገረውን ሰው ስም ይጽፋል፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስሙ ይነበባል፤ ስሙ የተነበበ ሰው በማግስቱ ጠዋት ጥፋቱ የተጻፈበት ካርቶን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይቆማል። ማን ጆሮ እንደሆነ ሲነገር ሰምተሽ አታውቂም። የዚያ ሳምንት ጆሮ እኔ ነበርኩ።

ሰኞ የሦስት ሰው ስም ጻፍኩ፣ ያንቺ ግን አልነበረበትም። አብሮን የሚማረው ጋሊህ ጆሮ መሆኔን በምን እንዳወቀ አላውቅም፤ በማግስቱ ምሳ ላይ ሩዝ ልንወስድ ተሰልፈን ሳለ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ትናንት እህትህ ከኒማስ ጋር በጃቫኛ ስትስቅ እኔ ሰምቻታለሁ። ያንተ ጆሮ በዘመድ በኩል ደንቆሮ ነው?» አለኝ። ከኋላው ያሉት ሳቁ። አንዱ «ተዉት፣ እህቱ ናት እኮ የምታጎርሰው» አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያው ጋ መጣሽ። እነ ጋሊህ እዚያው ነበሩ። እጅሽን ቀኝ ጎንሽ ላይ አድርገሽ፣ በዝግታ፣ በቋንቋችን «ዳማር፣ ውጋት ያዘኝ፤ እዚህ ጋ፣ በቢላ እንደመውጋት ነው» አልሽኝ።

እኔ ምን አልኩሽ? «ስፒክ ኢንግሊሽ፣ ሲስተር!» አልኩሽ። ጮክ ብዬ። ጋሊህ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅሁ። ዞረሽ ሄድሽ። አመሻሹ ላይ ስምሽን ጻፍኩ፣ ከሁሉም በላይ፣ በትልቁ።

ረቡዕ ጠዋት ካርቶኑን አንጠልጥለሽ ቆምሽ። ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ መጨረሻው አንድ የቋንቋችንን ቃል አልነገርሽኝም። ረቡዕና ሐሙስ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የምታናግሪኝ፣ አንድ ስሕተት በሌለው እንግሊዝኛ። እንዴት ነሽ ስልሽ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ትይኛለሽ፤ ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው።

አንቺም ላይ ተናድጃለሁ፣ ምባክ። ምነው አልጮህሽም? ለመምህራኑ በእንግሊዝኛ ሆዴን አሞኛል ብለሽ ነግረሻቸዋል። ያስተማሩን ቃል ያቺው አንዷ ናት፤ ቁርጠትም፣ መነፋትም፣ ውጋትም እዚያ ቤት አንድ ቃል ናቸው። ሆዷን ያመማት ልጅ እንደሆነ ንፋስ ገብቷታል ይባላል፤ አገራችን ማንም እንደሚያደርገው ጓደኛሽ ኒማስ ጀርባሽን በዘይትና በሳንቲም ፋቀችልሽ፣ ዝንጅብል አፍልታ አጠጣችሽ። ጀርባሽ ሲቀላ «ይኸው፣ ንፋሱ ወጣ» አለች። ምስኪን፣ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። በቀኝ በኩል እንደ ቢላ እንደሚወጋሽ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አጎታችን ሱራጂ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ሲል ልክ እንደዚያ ሲል ሰምተነዋል። አብረን ነበርን። አንቺ አሥራ ሁለት፣ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። አስታውሼዋለሁ ደግሞ። ማክሰኞ ስምሽን ስጽፍ አስታውሼ ነበር። ሊሆን አይችልም ብዬ ተውኩት።

ዓርብ መታጠቢያ ቤት ወድቀሽ ተገኘሽ። ቅዳሜ ሆስፒታል ውስጥ ሞትሽ። ሐኪሙ «ሁለት ቀን ቀድማ ብትመጣ ኖሮ» አለ።

በአርባሽ ቀን ሚስተር ጉናዲ አሥራ ስድስት ተማሪ ይዘው ቤታችን መጡ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ወንዶቹ ከቁርኣን ያሲንን አነበቡ፣ ለየሰዉ ወደ ቤቱ የሚወስደው ምግብ ታሰረ። ከዚያ ሚስተር ጉናዲ ጠቀሱኝ። ኪሴ ውስጥ ሁለቱም ወረቀት ነበረ፣ የኔውም የሳቸውም።

የሳቸውን አነበብኩ።

ፈሪ ነኝ። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። ጋሊህ ዓይኑን ጠረገ። ሚስተር ጉናዲ ትከሻዬን ቸብ አድርገው «ትኮራብህ ነበር» አሉኝ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እማ ጓሮ ሳህን ስታጥብ ጠራችኝ።

«ያነበብከው ምን ይላል? ሰው ሁሉ ነቀነቀ፣ እኔ ብቻ አልሰማሁም። በኛ ቋንቋ በለኝ።»

«በሁሉም የተወደደችው ተማሪያችን...» ብዬ ጀመርኩና አቃተኝ። የራሴን ወረቀት አወጣሁ። እያንዳንዷን ቃል ነገርኳት። ወረቀቱ ላይ ያልነበረውንም፣ ጆሮ መሆኔንም፣ መሳቄንም።

እማ ሳህኑን አላስቀመጠችም።

«ውጋት ነው ያለችህ?»

«አዎ እማ።»

«በየት በኩል?»

«በቀኝ።»

«የአጎትህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ምን አልካት? እንዳልካት አድርገህ በለኝ።»

አልኩላት። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን ሁለተኛ እንድለው አደረገችኝ፣ ጮክ ብዬ። ጎረቤት ሰምቶ አንገቱን በአጥር በኩል አወጣ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝና ያንኑ የታጠበ ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። የአኩሪ አተር ቴምፔውን ትጠብስልኛለች፣ ሳህኑን ታስቀምጥልኛለች፣ ትሄዳለች። አባ «ተዋት፣ ጊዜ ስጣት» ይለኛል፤ እሱም ግን ዓይኔን አያየኝም።

ዛሬ ጠዋት መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እዚያ ቤት አሁን ስንት ልጅ አለ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«የዚህ ሳምንት ጆሮ ማን ነው?»

«አላውቅም እማ፤ አይነገርም።»

«እንግዲያው ለሠላሳ አንዱም ንገራቸው። ለኔ የነገርከኝን። በኛ ቋንቋ።»

«ሚስተር ጉናዲ አይፈቅዱልኝም።»

«ፈቃድ ጠይቅ አልኩህ?»

ልትሄድ ዞራ ተመለሰች። «ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ» አለችኝ። «ያንን አላውቅም፣ መቼም ላይሆንልኝ ይችላል። ሌላ የሰው ልጅ ግን አሞኛል እያለ እንዳይሞት።»

ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ አረንጓዴው ቤት እሄዳለሁ። ሁሉም ቁርስ ላይ ሲሆኑ እደርሳለሁ። ጋሊህ ይስቅ ይሆናል፣ ሚስተር ጉናዲም እጄን ይዘው ሊያወጡኝ ይችላሉ። እስኪያወጡኝ ድረስ እናገራለሁ። ከወጣሁም በመስኮቱ በኩል እቀጥላለሁ። ያቺን አንዲት ቃል፣ ውጋት የምትለዋን፣ የሰሙኝ ሁሉ ይዘዋት እስኪሄዱ ድረስ አልመለስም።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ የሚሰጠኝ ሰው የለም። አፈሩ ይቅለልሽ፣ ምባክ።

መታመምሽን ነግረሽው የሳቀብሽ ወንድምሽ፣
ዳማር